የአንድ አጭር ዕድሜ ታሪክ፤ ፖዚትሮንየም በፈሳሾችና በቀዳዳማ ቁሶች ውስጥ

ማር የሚሸጥ ነጋዴ ማሰሮውን አስቀድሞ ባዶውን መዝኖ ከድምሩ ላይ ይቀንሳል። ይህን ባያደርግ ገዢው ለማሩ ብቻ ሳይሆን ለሸክላውም ጭምር ይከፍላል። የመለኪያ ሳይንስ ሥርዓትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። በአንድ ዕቃ ውስጥ ያለን ነገር በትክክል ለመለካት የሚሻ ሁሉ፣ ዕቃው ራሱ በልኬቱ ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ ነጥሎ ማወቅ ይኖርበታል። ይህ ቀላል የሚመስል ሥርዓት በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ የታወቁ የፊዚክስ ሊቃውንትን ከአሥር ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። የተለካው ነገር ፖዚትሮንየም የተባለ፣ በክብደቱ ከአቶሞች ሁሉ የሚያንስ አቶም ነበር፤ ዕቃዎቹም ጋዞች፣ ፈሳሾችና በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞሉ ጠጣር ቁሶች ነበሩ። ነገሩን ለመሐንዲስ ይበልጥ አስተማሪ የሚያደርገው ግን፣ ለአንደኛው ወገን ተመራማሪዎች ተቀንሶ የሚጣል ስሕተት የነበረው ተጽዕኖ ለሌላው ወገን ዋናው የመለኪያ መሣሪያ ሆኖ መገኘቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

በወረቀት ላይ የተፀነሰ አቶም

እንግሊዛዊው ፖል ዲራክ በ1928 የኤሌክትሮንን ጠባይ የሚገልጽ ቀመር አወጣ። ቀመሩ ያልተጠበቀ መዘዝ ነበረው፤ በክብደት ከኤሌክትሮን ጋር እኩል፣ በኤሌክትሪክ ሙሉ ግን ተቃራኒ የሆነ ሌላ ቅንጣት መኖር አለበት የሚል ነበር። ዲራክም ይህንኑ በ1931 በግልጽ ጻፈ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1932፣ ካርል አንደርሰን በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ከህዋ የሚወርደው ጨረር ጉም በተሞላ ሣጥን ውስጥ የሚተወውን ፈለግ ፎቶግራፍ ሲያነሣ የተባለውን ቅንጣት አገኘ። ቅንጣቱ ፖዚትሮን ተባለ፤ አንደርሰንም በ1936 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

ፖዚትሮን የጸረ-ቁስ ወገን ስለሆነ ከኤሌክትሮን ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይጠፋፋሉ፤ ክብደታቸውም ወደ ጋማ ጨረርነት ይለወጣል። ነገር ግን ከመጠፋፋታቸው በፊት አንዱ ሌላውን እየዞረ ለጥቂት ጊዜ እንደ አቶም ተጣምረው ሊቆዩ እንደሚችሉ በ1934 አስቀድሞ ያመለከተው ክሮኤሺያዊው ስቲዬፓን ሞሆሮቪቺች ነበር። ይህ ሰው በምድር ቅርፊትና ከሥሩ ባለው ንብርብር መካከል ያለውን ወሰን ያገኘው የርዕደ መሬት ሊቅ የአንድሪያ ሞሆሮቪቺች ልጅ ነው። ሐሳቡን ያሳተመው በሥነ ፈለክ መጽሔት ላይ ሲሆን፣ አቶሙ ምልክቱን በከዋክብት ብርሃን ውስጥ ሊያሳይ ይችላል የሚል ተስፋ ነበረው። ፖዚትሮንየም የሚለውን ስም ያወጣለት ግን አሜሪካዊው አርተር ሩዋርክ በ1945 ነው።

ይህ አቶም ከሃይድሮጅን ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ በከባዱ ፕሮቶን ቦታ ቀላሉ ፖዚትሮን መግባቱ ነው። ስለዚህም ሃይድሮጅን በክብደት ከ900 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ሁለቱን ቅንጣቶች አያይዞ የሚያኖራቸው ኃይልም 6.8 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም የሃይድሮጅን እኩሌታ ነው። የአቶሙን ዕድሜ የሚወስነው ስፒን የሚባለው የቅንጣቶቹ ጠባይ ነው። ስፒኖቻቸው ሲቃረኑ አቶሙ ፓራ-ፖዚትሮንየም ይባላል፤ በአማካይ በ0.125 ናኖሴኮንድ ውስጥ እያንዳንዳቸው 511 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሚይዙ ሁለት ፎቶኖች ሆኖ ይጠፋል። ስፒኖቻቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሆኑ ደግሞ ኦርቶ-ፖዚትሮንየም ይባላል፤ የተፈጥሮ ሕግ በሁለት ፎቶኖች እንዲጠፋ ስለማይፈቅድለት ሦስት ፎቶኖችን መስጠት ይኖርበታል። ይህ መንገድ እጅግ ዘገምተኛ በመሆኑ ኦርቶው በባዶ ህዋ ውስጥ በአማካይ 142 ናኖሴኮንድ ይቆያል። ናኖሴኮንድ የሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ሲሆን፣ ብርሃን እንኳ በዚህ ጊዜ የሚጓዘው 30 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሚፈጠሩት አራት ፖዚትሮንየሞች ሦስቱ የኦርቶ ዓይነት ናቸው። ከዚህ በኋላ የሚተረከው በሙሉ የዚህ የ142 ናኖሴኮንድ ዕድሜ ታሪክ ነው።

ማስረጃው በጋዝ ውስጥ

ፖዚትሮንየም በእርግጥ መኖሩን በ1951 ያረጋገጠው፣ በቪየና ተወልዶ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ማርቲን ዶይች ነው። የተጠቀመበት ምንጭ ሶዲየም-22 የተባለው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ይኸው ምንጭ እስከ ዛሬ ድረስ በዚህ ሙያ እንደተመረጠ ይገኛል። ሶዲየም-22 ፖዚትሮን በሚያወጣበት ቅጽበት 1.27 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚይዝ ጋማ ጨረር አብሮ ይለቃል። ይህ ጨረር የፖዚትሮኑን መወለድ ያበሥራል፤ ኋላ የሚመጣው የመጠፋፋት ጨረር ደግሞ ሞቱን ያረዳል። በብሥራቱና በመርዶው መካከል ያለውን ጊዜ የሚመዘግብ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የእያንዳንዱን ፖዚትሮን ዕድሜ ለካ ማለት ነው።

በጋዝ ውስጥ ነጻ ፖዚትሮኖች የሚጠፉበት ፍጥነት ከጋዙ ግፊት ጋር አብሮ ይጨምራል። ዶይች ግን ዕድሜው ከመቶ ናኖሴኮንድ የሚበልጥና ከግፊቱ ጋር እምብዛም የማይለዋወጥ ሌላ ወገን አገኘ። በጋዙ ላይ ጥቂት ናይትሪክ ኦክሳይድ ሲጨምርበት ይህ ረጅም ዕድሜ ወዲያው አጠረ። ምክንያቱም ናይትሪክ ኦክሳይድ ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን ስላለው ከፖዚትሮንየም ጋር ስፒን ይለዋወጣል፤ ኦርቶውንም ወደ ፓራ ይለውጠዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የአቶሙ መኖር የተመሰከረው በራሱ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነገር ዕድሜውን ሲያሳጥረው በመታየቱም ጭምር ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አቶሙና ዕቃው ተነጣጥለው አልታዩም።

ፈሳሽ ውስጥ የሚነፋ አረፋ

በ1953 በካናዳ በቾክ ሪቨር ላብራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ቤልና ግራሃም የፖዚትሮንን ዕድሜ በፈሳሾችና በጠጣር ቁሶች ውስጥ ለኩ። በብረታ ብረት ውስጥ ፖዚትሮኖቹ ሁሉ ከናኖሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ሲጠፉ፣ በብዙ ፈሳሾችና እንደ ቴፍሎን ባሉ ፕላስቲኮች ውስጥ ግን ከፊሎቹ ጥቂት ናኖሴኮንድ እንደሚቆዩ ተመለከቱ። ይህ ጊዜ ለፓራ እጅግ የረዘመ፣ ለኦርቶ ደግሞ እጅግ ያጠረ ነበር።

መልሱ የተገኘው በኦርቶው ጎረቤቶች ዘንድ ነው። በፈሳሽ ውስጥ ያለ ኦርቶ-ፖዚትሮንየም በሞለኪውሎች ተከብቧል። በአቶሙ ውስጥ ያለው ፖዚትሮን የራሱ ጓደኛ ከሆነው ኤሌክትሮን ጋር በፍጥነት መጠፋፋት ባይችልም፣ በአጠገቡ ካለ ሞለኪውል ስፒኑ የተቃረነ ኤሌክትሮን ነጥቆ በሁለት ፎቶኖች ሊጠፋ ይችላል። ይህን ሂደት ነጠቃ ብንለው ጠባዩን ይገልጸዋል። የነጠቃው ፍጥነት የሚወሰነው የአቶሙና የጎረቤቶቹ ኤሌክትሮኖች ምን ያህል ተደራርበው እንደሚገኙ ነው፤ ጎረቤት በቀረበ መጠን ዕድሜ ያጥራል፤ በራቀ መጠን ይረዝማል።

ፈሳሽ ሄሊየም በዚህ ረገድ አስገራሚ ውጤት ሰጠ። በውስጡ የኦርቶው ዕድሜ ወደ መቶ ናኖሴኮንድ የሚጠጋ ሆነ። ሄሊየም የታመቀ ፈሳሽ ሆኖ ሳለ ነጠቃው እንዴት እንደዚህ ሊዘገይ ቻለ? ሪቻርድ ፌሬል በ1957 የሰጠው ማብራሪያ ዛሬም የዚህ ትምህርት መሠረት ነው። የፖዚትሮንየም ኤሌክትሮን የሄሊየም ኤሌክትሮኖችን ስለሚገፋ አቶሙ በፈሳሹ ውስጥ ለራሱ ክፍት ቦታ ያበጃል፤ ማለትም አረፋ ይነፋል። በኳንተም ሕግ መሠረት በጠባብ ቦታ የታሰረ ቀላል ቅንጣት ግድግዳውን ወደ ውጭ ይገፋል፤ የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ደግሞ አረፋውን ለማኮማተር ወደ ውስጥ ይጫናል። ሁለቱ ሲመዛዘኑ የአረፋው ስፋት ይጸናል። በፈሳሽ ሄሊየም የገጽ ውጥረቱ እጅግ ደካማ በመሆኑ የአረፋው ሬዲየስ 2 ናኖሜትር ያህል ይደርሳል፤ ይህም ከአቶሙ ከራሱ ብዙ ጊዜ የሚበልጥ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለመሐንዲስ ግልጽ ነው። ዕድሜው የአረፋውን ስፋት ከተናገረ፣ የአረፋው ስፋትም የገጽ ውጥረቱን ከተከተለ፣ የአንድን ፈሳሽ ጠባይ በሰዓት መለካት ይቻላል። ውሃ በክፍል ሙቀት 72 ሚሊኒውተን በሜትር የሆነ ጠንካራ የገጽ ውጥረት አለው፤ በውስጡም ኦርቶው የሚቆየው 1.8 ናኖሴኮንድ ያህል ነው። ቤንዚን የተባለው ባለ ቀለበት ሃይድሮካርቦን 29 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ሲሆን፣ በውስጡ ዕድሜው ከ3 ናኖሴኮንድ ይበልጣል። ታኦ በ1972 ይህን ዝምድና ለብዙ ፈሳሾች በአንድ ቀመር አሰባስቦ አቀረበው።

የተዘጋውን ክፍል የሚለካ እንግዳ

በፈሳሽ ውስጥ አቶሙ ቤቱን ራሱ ይሠራል፤ በጠጣር ቁስ ውስጥ ግን የሚያድረው ባገኘው ክፍት ቦታ ነው። ብራንት፣ ቤርኮና ዎከር በ1960 ባወጡት ጥናት፣ በሞለኪውላዊ ቁሶች ውስጥ የኦርቶው ዕድሜ የሚወሰነው በሞለኪውሎች መካከል በሚቀረው ነጻ ቦታ መሆኑን አመለከቱ። ፕላስቲክ ሲሞቅና ከመስታወትነት ወደ ልምጥምጥነት ሲያልፍ በውስጡ ያለው ክፍተት ስለሚሰፋ ዕድሜውም አብሮ ይረዝማል። በዚህም ምክንያት ዘዴው በፖሊመር ጥናት ውስጥ ሥር ሰደደ።

በ1968 ፈረንሳውያኑ ፖላንና አምብሮዚኖ የሲሊካንና የሌሎች ኦክሳይዶችን እጅግ የላመ ዱቄት ሲመረምሩ፣ የኦርቶው ዕድሜ በባዶ ህዋ ወደሚኖረው ዕድሜ እስከሚጠጋ ድረስ መርዘሙን አገኙ። የተፈጠረው ፖዚትሮንየም ከትንንሾቹ ቅንጣቶች ወጥቶ በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ውስጥ እየተንሸራሸረ ከግድግዳዎቹ ጋር አልፎ አልፎ ብቻ ይጋጫል ማለት ነው። ዱቄቱ አየር ቢኖረው ግን በኦክሲጅን ምክንያት ዕድሜው ያጥራል፤ ስለዚህ አየሩ መመጠጥ አለበት።

በ1981 በዴንማርክ የሪሶ ብሔራዊ ላብራቶሪ ባልደረባ የሆነው ሞርተን ኤልድሩፕና ተባባሪዎቹ የታኦን ሐሳብ ለጠጣር ቁስ ክፍተቶች አዋሉት። ታኦ-ኤልድሩፕ በሚባለው በዚህ አቀራረብ ክፍተቱ እንደ ክብ ጉድጓድ ይታሰባል፤ ግድግዳውም 0.166 ናኖሜትር ውፍረት ባለው የኤሌክትሮን ንብርብር የተለበጠ ነው። አቶሙ በዚህ ንብርብር ውስጥ በሚገኝበት ጊዜ የነጠቃ ዕድሜው ግማሽ ናኖሴኮንድ ነው፤ ከንብርብሩ ውጭ ሲሆን ግን አይነጠቅም። ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ ሬዲየሱ 0.2 ናኖሜትር ለሆነ ክፍተት ዕድሜው 1.2 ናኖሴኮንድ፣ 0.3 ለሆነው 2.2፣ 0.5 ለሆነው ደግሞ 5.6 ናኖሴኮንድ ያህል ይሆናል። ክፍተቱ ከአንድ ናኖሜትር እየሰፋ ሲሄድ ግን የነጠቃው ድርሻ ስለሚያንስ፣ አቶሙ በራሱ የሚጠፋበትን የ142 ናኖሴኮንድ ዕድሜ በስሌቱ ውስጥ ማስገባት ግድ ይሆናል። ይህን ለሰፋፊ ቀዳዳዎች የሚያገለግለውን ስሌት በፖላንድ በሉብሊን ከተማ የጎቮሬክ ቡድን፣ በአሜሪካ ደግሞ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አስፋፉት።

የሚቺጋን ሥራ የተገፋፋው በኢንዱስትሪ ፍላጎት ነበር። በኮምፒዩተር ቺፕ ውስጥ ያሉት ሽቦዎች እየተቀራረቡ ሲሄዱ በመካከላቸው ያለው መከለያ ምልክትን እንዳያዘገይ፣ ሲሊካውን በናኖሜትር በሚለኩ ቀዳዳዎች ማሳሳት አስፈለገ። ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደሚሰፉና እርስ በርሳቸው ተያይዘው እንደሆነ ማወቅ የግድ ነበር፤ ተያይዘው ከሆነ መዳቡ ሰርጎ ይገባባቸዋልና። ጋዝ በማስገባት የሚለካው የቆየው ዘዴ ወደ ተዘጋ ቀዳዳ ሊደርስ አይችልም። ፖዚትሮንየም ግን የሚፈጠረው እዚያው በቁሱ ውስጥ ነው። የፖዚትሮኑን ጨረር ኃይል በመቆጣጠር የሚገባበትን ጥልቀት መወሰን ይቻላል፤ ቀዳዳዎቹ እስከ ገጹ ድረስ የተያያዙ ከሆኑም አቶሙ አምልጦ ወደ ባዶ ህዋ ስለሚወጣ የ142 ናኖሴኮንዱ ዕድሜ በመዝገቡ ላይ ብቅ ይላል። ጊድሊና ባልደረቦቹ በ1999 እና በ2001 ባሳተሟቸው ጥናቶች ዘዴው ለእነዚህ ስስ ልባጦች የሚያገለግል መሆኑን አሳዩ።

ከሺህ ሁለት የማይሞላ ልዩነት

ይህ በእንዲህ እንዳለ፣ እዚያው ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ከባድ እንቆቅልሽ ሲንከባለል ቆይቶ ነበር። ፖዚትሮንየም ከኤሌክትሮንና ከፖዚትሮን በቀር ሌላ ነገር ስለሌለበት ኳንተም ኤሌክትሮዳይናሚክስ የተባለውን ትምህርት ለመፈተን ከሁሉ የጠራ መድረክ ነው። ካስዌል፣ ሌፓዥና ሳፒርስታይን በ1977 ቀድሞ የነበረውን ስሌት አርመው፣ የኦርቶው የመጥፋት ፍጥነት በማይክሮሴኮንድ 7.038 መሆኑን አሰሉ። የሚቺጋን ቡድን ግን በ1987 በጋዝ ውስጥ ለክቶ 7.051፣ በ1990 ደግሞ በባዶ ህዋ ለክቶ 7.048 አገኘ። ልዩነቱ ከሺህ ሁለት የማይሞላ ነው። ነገር ግን የመለኪያዎቹ የስሕተት ወሰን ከአሥር ሺህ ሁለት ያህል ብቻ ስለነበር ልዩነቱን በአጋጣሚ ማሳበብ አልተቻለም።

ከዚህ የተነሣ ሊቃውንት ሌላ ምክንያት መፈለግ ጀመሩ። ኦርቶው ከሦስት ፎቶኖች ሌላ ወዳልታወቀ ቅንጣት ይለወጥ ይሆን? የኖቤል ተሸላሚው ሼልደን ግላሾው በ1986 የእኛን ዓለም የሚያንጸባርቅ የመስታወት ዓለም ቢኖር ፖዚትሮንየም ወደዚያ ሊሻገር እንደሚችል ጽፎ ስለነበር ይህም ሐሳብ ተመረመረ። አዲስ ቅንጣት ፍለጋም በርካታ ሙከራዎች ተካሄዱ፤ አንዱም ልዩነቱን የሚያስረዳ ነገር አላገኘም።

በ1995 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ አሳይ፣ ኦሪቶና ሺኖሃራ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ ያዙት። የመረጡት ዕቃ የሲሊካ ዱቄት ነበር፤ ማለትም ነጠቃ መኖሩ በእርግጥ የሚታወቅበት ዕቃ ነው። ጥያቄያቸውም የነጠቃው መጠን በጊዜ ውስጥ ጸንቶ ይኖራልን? የሚል ነበር። አዲስ የተፈጠረ ፖዚትሮንየም ፈጣን ነው። እጅግ ቀላል በመሆኑም ከከባድ ግድግዳ ጋር ሲጋጭ፣ ኳስ ከግንብ ነጥሮ እንደሚመለስ ሁሉ፣ በአንድ ግጭት የሚያጣው ኃይል ጥቂት ነው። ስለዚህ የዙሪያውን ሙቀት ያህል እስኪበርድ ድረስ ብዙ መቶ ናኖሴኮንድ ሊወስድበት ይችላል። ፈጣኑ አቶም ግድግዳውን ቶሎ ቶሎ ስለሚመታ መጀመሪያ ላይ ነጠቃው ይበዛል፤ ኋላ ይቀንሳል። ነጠቃው ቋሚ ነው ብሎ ወደ ዜሮ ግፊት ወይም ወደ ሰፊ ክፍል እየዘረጋ የሚያሰላ ሰው፣ ሳያውቀው ከማሰሮው ክብደት ከፊሉን ለማሩ ይሰጠዋል። የቶኪዮ ቡድን ግን የሁለት ፎቶንን ጨረር ከሦስቱ ፎቶን ጨረር በጀርማንየም መመዝገቢያ እየለየ ነጠቃውን በየጊዜው ለካው፤ ከዚያም ቀነሰው። የቀረው ቁጥር 7.040 ሲሆን፣ ይህም ከትምህርቱ ስሌት ጋር የሚስማማ ነበር።

አንድ ሙከራ ግን ክርክርን አይዘጋም። አድኪንስ፣ ፌልና ሳፒርስታይን የስሌቱን ቀሪ ክፍሎች ሠርተው በ2002 ቁጥሩን 7.03998 ላይ አጸኑት። ፍጻሜው የመጣው በ2003 ነው። ጊድሊ ከቫለሪና ከዚትዜዊትዝ ጋር ሆኖ የሚቺጋንን መለኪያ እንደገና ሲሠራ፣ አቶሙን የሚያመርትበት ቁስ ከናኖሜትር ቀዳዳዎች የተሠራ ስስ የሲሊካ ልባጥ ነበር። ፖዚትሮንየሙ በቀዳዳዎቹ ውስጥ እየተጋጨ ፍጥነቱን ከጣለ በኋላ ቀዝቅዞ ወደ ባዶ ህዋ ይወጣል። ውጤቱ 7.0404 ሆነ። በዚያው ዓመት የቶኪዮ ቡድን የተሻሻለ መለኪያ 7.0396 አሳየ። ሁለቱም በስሕተት ወሰናቸው ውስጥ ከስሌቱ ጋር ተስማሙ፤ የመስታወቱም ዓለም ለዚህ ጉዳይ አላስፈለገም።

በዚህ ፍጻሜ ውስጥ ሊታለፍ የማይገባው ነገር፣ የሚቺጋን ቡድን የራሱን የቀደመ ቁጥር በራሱ እጅ መሻሩ ነው። ለመሻር ያበቃው መሣሪያም ለቺፕ ኢንዱስትሪ ሲባል ስለ ቀዳዳማ ሲሊካ የተከማቸው ዕውቀት ነበር።

ዛሬ የደረሰበት

ቀዳዳማው ሲሊካ ከዚያ ወዲህ ፖዚትሮንየምን ማምረቻ ዋነኛ ቁስ ሆኗል። በ1946 ጆን ዊለር ያሰበውን፣ ከአንድ ጥንድ በላይ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን የሚይዝ ውሑድ ፍለጋ፣ ካሲዲና ሚልስ በ2007 ሁለት ፖዚትሮንየሞች የተጣመሩበትን ሞለኪውል ያገኙት በዚሁ ቁስ ውስጥ ነው። በ2024 በሰርን የሚገኘው የኤጊስ ቡድን ከእንዲህ ያለ ቁስ የወጣውን ፖዚትሮንየም በሌዘር ከ380 ወደ 170 ኬልቪን ማቀዝቀዙን አስታወቀ።

በሕክምናም በኩል በር ተከፍቷል። ፖዚትሮን የሚያወጣ መድኃኒት ተሰጥቶት በልዩ ካሜራ በሚነሣ ሕመምተኛ ሰውነት ውስጥ ፖዚትሮንየም ሁልጊዜም ይፈጠራል፤ ለብዙ ዘመን ግን ዕድሜውን የመዘገበ አልነበረም። በፖላንድ በክራኮቭ የያጌሎኒያን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቬል ሞስካል ቡድን በ2021 ከልብ ዕጢና ከስብ የተወሰዱ ናሙናዎችን በዕድሜው ለይቶ ምስል አነሣ፤ በዕጢው ውስጥ ዕድሜው ከስቡ ያጠረ ነበር። በ2024 ደግሞ በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ላይ የተነሣውን የመጀመሪያ ምስል አሳተመ። ዘዴው ገና በምርምር ላይ ያለ ነው፤ ዕድሜውን የሚያሳጥረው የሕዋሳቱ አሠራር ይሁን በውስጣቸው ያለው ኦክሲጅን ነጥሎ ማወቅ ከሚጠበቁት ሥራዎች አንዱ ነው። ይህም ዶይች በናይትሪክ ኦክሳይድ ከጀመረው ጥያቄ ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ዛሬ የሰፋፊ ቀዳዳዎችን ልክ የሚያሰላ መሐንዲስ የ142 ናኖሴኮንዱን ዕድሜ እንደታወቀ ነገር ተቀብሎ ይነሣል፤ ይህን ዕድሜ በትክክል የለካው የፊዚክስ ሊቅም የቀዳዳዎቹን ጠባይ እንደታወቀ ነገር ተቀብሎ ተነሥቷል። አንዱ ወገን የቀነሰውን ሌላው መዝኖታል፤ የሁለቱም ሒሳብ የተስተካከለው የተቀነሰው ነገር ራሱ በጥንቃቄ ከተለካ በኋላ ነው።